ከመንቀል በፊት ማወቅ

ሰው ማናቸውንም ነገር ለመጠየቅ አስቀድሞ የነገሩን ስም ማወቅ ይገባዋል። ስሙን ያላወቀውን አይጠይቅም፤ ያልጠየቀውንም አያገኝም። በዳኛ ፊት የቀረበ ባለጉዳይ አቤቱታውን ለይቶ ያላስረዳ እንደ ሆነ እውነቱ በእጁ ሳለ ተረትቶ ይመለሳል። በሐኪም ፊት የቀረበ በሽተኛም እንዲሁ ነው። ሕመሙን ለይቶ ያልተናገረና የተነገረውን ያላስተዋለ እንደ ሆነ፥ ሊድን የሚችለውን አካሉን በገዛ አፉ አስፈርዶበት ይመለሳል። ይህም ነገር ከሌላው ሕመም ሁሉ ይልቅ በጥርስ ሕመም ጎልቶ ይታያል።

የላይ አርማጭሆ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው በትክል ድንጋይና በዙሪያዋ ባለው ደጋ የሚኖር ሰው ጥርሱን ሲታመም የሚያደርገው፥ በሌላው የኢትዮጵያ ደጋ እንደሚደረገው ነው። አስቀድሞ ቅርንፉድ ወይም ነጭ ሽንኩርት በሚያመው ጥርስ ላይ ይነክሳል። ሕመሙ ጥቂት ቀን ሲታገሥለት ድኛለሁ ብሎ ይተወዋል፤ ዳግመኛ ሲነሣበትም ይችለዋል። በመጨረሻ ጉንጩ አብጦ እንቅልፍ ሲነሣው ወደ ጎንደር ጉዞ ይጀምራል። በዚያም በጥርስ ሐኪም ፊት በተቀመጠ ጊዜ ከአፉ የሚወጣው ቃል አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም «ንቀሉልኝ» የሚል ነው።

ይህን ማለቱ ከሞኝነት የመጣ አይደለም። የጥርስ ሐኪም ሲባል ከልጅነቱ ጀምሮ የሰማው በነቃይነቱ ብቻ ስለ ሆነ፥ ከመንቀል በቀር ሌላ ሥራ ያለው አይመስለውም። ሐኪሙ «ይህ ጥርስ ሙሌት ይበቃዋል» ወይም «የሥር ሕክምና ቢደረግለት ይድናል» ሲለው ቃሉ እንግዳ ይሆንበታል። በዚያም ላይ መንቀል በአንድ ቀን ያልቃል፥ ዋጋውም ያንሳል፤ የሥር ሕክምና ግን መመላለስንና የበለጠ ገንዘብን ይጠይቃል። ስለዚህ ገበሬው መንገዱንና አዝመራውን አስቦ ቁርጡን ይመርጣል። አውቆ የመረጠ እንደ ሆነ ፈቃዱ ነው፤ ማንም ሊነቅፈው አይገባም። የሚያሳዝነው ግን ሌላ መንገድ መኖሩን ሳያውቅ የመረጠ እንደ ሆነ ነው፤ አንድ ጊዜ የተነቀለ የዐዋቂ ጥርስ ዳግመኛ አይበቅልምና።

እንግዲህ የጥርስ ሐኪሞችን ቃላት ከሁሉ አስቀድመው ሊያውቁ የሚገባቸው፥ ሕዝቡ የሐኪም ወረቀት ይዞ «ያንብቡልኝ» እያለ የሚመጣባቸው ሹማምንትና ካህናት ናቸው። እነርሱ ያላወቁትን ቃል ለሕዝቡ ማን ይተረጕምለታል?

ጥርስን በየስሙ መለየት ለአገሩ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት እንደሚያውቁት፥ በግእዝ ስን የጥርስ ሁሉ መጠሪያ ሲሆን ፅርስ የሚባለው መንጋጋው ነው፤ አማርኛው ጥርስ የሚለውም ከዚሁ ከፅርስ የወጣ ነው። ሕዝቡም የፊት ጥርስ፥ ክራንቻ፥ መንጋጋ እያለ ይለያል። ሐኪሞችም የሚከተሉት ይህንኑ መንገድ ነው። ሙሉ የሆነ የዐዋቂ ሰው ጥርስ 32 ነው። ከእነዚህ 8ቱ የሚቆርጡ የፊት ጥርሶች፥ 4ቱ ክራንቻዎች፥ 8ቱ ትንንሽ መንጋጋዎች፥ 12ቱ ታላላቅ መንጋጋዎች ናቸው። ከታላላቆቹም የመጨረሻዎቹ አራቱ ከ17 እስከ 25 ባለው ዕድሜ የሚወጡ ናቸው፤ ቦታ ያጡ እንደ ሆነ በአጥንቱ ውስጥ ተጋድመው ይቀራሉ። ሐኪሙ «ጥርሱ ታፍኗል» ወይም «ተቀብሯል» የሚለው ስለ እነዚህ ነው።

እያንዳንዱ ጥርስ ደግሞ እንደ ቤት ግድግዳ ድርብርብ ነው። በላይ ያለው ነጩ ሽፋን ኢናሜል ይባላል። በሰው አካል ውስጥ ካለው ሁሉ ይልቅ እርሱ የጠነከረ ነው፤ ነገር ግን ስሜት የለውም፥ ከተቦረቦረም በራሱ ተመልሶ አይተካም። ከእርሱ በታች ያለው ዴንቲን ይባላል፤ ይህ ቀዝቃዛውንና ትኩሱን የሚሰማ ነው። በመካከል ያለው ለስላሳው ክፍል ፐልፕ ሲሆን የደምና የስሜት ሥሮች የሚገኙት በዚህ ነው። ይህን ሦስት ስም ያወቀ ሰው የሐኪሙን ነገር ግማሹን ያወቀ ያህል ነው። ምክንያቱም ሐኪሙ ስለ ተበላሸ ጥርስ ሲናገር በመሠረቱ የሚናገረው ጉዳቱ ከእነዚህ ከሦስቱ እስከ የትኛው እንደ ደረሰ ነው። በኢናሜል ያለ ጉዳት አያምም፤ በዴንቲን ያለው ቀዝቃዛ ውሃ ሲጠጡ ይጠዘጥዛል፤ ፐልፕ የደረሰው ግን ሌሊት እንቅልፍ ይነሣል። እንግዲህ ጥርሱ እስኪጠና ድረስ የሚጠብቅ ሰው በር ሁለት ጊዜ ሲንኳኳ ዝም ብሎ በሦስተኛው እንደሚነሣ ሰው ነው።

የተበላሸውን ጥርስ ሕዝቡ «ትል በላው» ይለዋል። ይህ አሳብ የዚህ አገር ብቻ አይደለም፤ በጥንት ዘመን የባቢሎን ሰዎች የጥርስ ሕመም ከትል የመጣ መሆኑን ጽፈዋል። በአውሮጳም ብዙ ዘመን ይታመን ነበር። በአውሮጳ አቆጣጠር በ1728 ዓ.ም. ስለ ጥርስ ሕክምና ታላቅ መጽሐፍ ያሳተመው ፈረንሳዊው ሐኪም ፒየር ፎሻር ትል የሚባለውን መርምሮ እንዳላገኘ ገለጸ። በ1890 ዓ.ም. ደግሞ በበርሊን ይሠራ የነበረው አሜሪካዊው ሚለር እውነተኛውን ነገር በመጽሐፍ አስረዳ። ይኸውም በአፍ ውስጥ የሚኖሩ በዓይን የማይታዩ ረቂቃን ተሕዋስያን፥ በጥርስ ላይ የቀረውን ስኳርና የእህል ርዝራዥ በልተው አሲድ የተባለውን ኮምጣጣ ነገር ያወጣሉ፤ ኮምጣጣውም ኢናሜልን ያሟሟዋል የሚል ነው። ሐኪሞች ካሪስ የሚሉት ይህንን መበስበስ ነው፤ ካቪቲ የሚሉትም ከመበስበሱ የተነሣ የተከፈተውን ጉድጓድ ነው። ስለዚህ «ትሉን አወጣሁልህ» የሚል ሰው ቢመጣ ሊታመን አይገባም።

እነዚያ ተሕዋስያን ተሰብስበው በጥርስ ላይ የሚሠሩት የሚያጣብቅ ስስ ሽፋን ፕላክ ይባላል። ጧት ሲነሡ በምላስ ቢዳስሱት ይታወቃል። ይህ በብሩሽ ወይም በመፋቂያ በቀላሉ ይለቃል፤ ወይራን ከመሰለ እንጨት የተቈረጠ መፋቂያም ቢሆን በጥርሶቹ ሁሉ ላይ፥ ከውስጥም ከውጭም፥ በትዕግሥት የተደረገ እንደ ሆነ ሥራውን ይሠራል። ያልተፋቀ ፕላክ ግን በቀናት ውስጥ እየጠጠረ ይሄድና ካልኩለስ ይሆናል። ይህ ቃል በላቲን ትንሽ ድንጋይ ማለት ነው። የትክል ድንጋይ ሰው የከተማውን ስም ሲጠራ ይህን ቃል አይረሳውም፤ ካልኩለስ በጥርስ ሥር የተተከለ ድንጋይ ነውና። ድንጋዩ አንድ ጊዜ ከተተከለ በብሩሽም በመፋቂያም አይነቀልም። ሐኪሙ በመሣሪያ ፍቆ ሲያወጣው ስኬሊንግ ይለዋል፤ ሕዝቡ ደግሞ የጥርስ እጥበት ይለዋል።

ስለ እጥበት ብዙ ሰዎች «ጥርስን ያነቃንቃል» እያሉ ይፈሩታል። ነገሩ ግን እንዲህ ነው። ድንጋዩ በድድ ሥር ብዙ ዘመን ሲቀመጥ ድድ ይቆጣል፥ ይቀላል፥ ሲፍቁትም ይደማል፤ ይህ ጂንጂቫይተስ ይባላል፤ በጊዜው ከጸዳ ፈጽሞ የሚድን ነው። ቸል የተባለ እንደ ሆነ ግን ጥርስን ከአጥንት ጋር የያዘው ጅማት ይላላል፥ አጥንቱም ይጎድላል፤ ይህ ፔሪዮዶንታይተስ ይባላል፤ የጎደለው አጥንትም በራሱ ተመልሶ አይመጣም። በዚህ ጊዜ ጥርሱን ደግፎ ያቆመው ድንጋዩ ይመስላል፤ ድንጋዩ ሲወጣ መነቃነቁ ይገለጣል። ስለዚህ ጥርሱን ያነቃነቀው እጥበቱ አይደለም፤ እጥበቱ አስቀድሞ የነበረውን ጉዳት አሳየ እንጂ።

ከሁሉ ይልቅ ሊፈራ የሚገባው ቃል አብሰስ የሚባለው ነው። ይህም በጥርስ ሥር መግል መቋጠሩ ነው። አንዳንድ ጊዜ ፐልፑ ሲሞት ሕመሙ በድንገት ጸጥ ይላል፤ በሽተኛውም ዳንሁ ብሎ ደስ ይለዋል። ነገር ግን መርዙ በታች እየሠራ ነው። መግሉ ወደ መንጋጋ ሥርና ወደ አንገት የወረደ እንደ ሆነ የመተንፈሻን መንገድ እስከ መዝጋትና ነፍስን እስከ ማጥፋት ይደርሳል። እንግዲህ ፊቱ ያበጠ፥ ትኩሳት የያዘው፥ አፉን መክፈትና ምራቁን መዋጥ የተሳነው ሰው ሲታይ ነገ አይባልም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ሊወሰድ ይገባል። ይህን አንድ ነገር ብቻ ያወቀ ካህን ወይም ሹም የሰው ሕይወት ሊያድን ይችላል።

ሐኪሙ ስለሚያደርገው ነገር የሚናገራቸው ቃላት ደግሞ ከበሽታው ደረጃ ጋር የሚሄዱ ናቸው። ጉዳቱ ፐልፕ ሳይደርስ የተገኘ እንደ ሆነ የበሰበሰውን ፍቆ በመሙያ ይደፍነዋል፤ ይህ ሙሌት ነው። መሙያውም አንዳንዱ አማልጋም የተባለ ብርማ መልክ ያለው የማዕድን ድብልቅ፥ አንዳንዱም ኮምፖዚት የተባለ ጥርስ መሰል ነገር ነው። ጉዳቱ ፐልፕ የደረሰ እንደ ሆነ ሐኪሙ የታመመውን ፐልፕ ከነሥሩ አውጥቶ ባዶውን መስመር አጽድቶ ይሞላዋል፤ ይህ የሥር ሕክምና፥ በሐኪሞች አነጋገር ሩት ካናል ነው። ብዙዎች ይህን ቃል ሲሰሙ ሥሩ የሚነቀል ይመስላቸዋል፤ እውነቱ ግን የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ሥሩ በቦታው ጸንቶ እንዲቀር የሚደረግ ሕክምና ነው። እንዲህ የታከመ መንጋጋ እንዳይሰበር በላዩ የሚደፋለት ሽፋን ክራውን ይባላል፤ ትርጕሙም ዘውድ ማለት ነው። በተነቀለ ጥርስ ቦታ በግራና በቀኝ ያሉትን ጥርሶች ተደግፎ የሚቆመው ብሪጅ ነው፤ ትርጕሙም ድልድይ ማለት ነው። መንቀል ከእነዚህ ሁሉ በኋላ የሚመጣ የመጨረሻው ፍርድ ነው። ጥርሱ ሊጠገን የማይችል ከሆነ ግን እርሱም ራሱ መድኃኒት ነውና ሊያስፈራ አይገባም።

በሕክምናው ጊዜ የሚነሡ ሁለት ቃላት አሉ። አንዱ ራጅ ነው። ይህ ስም ከኢጣሊያኖች ቋንቋ የመጣ ሲሆን፥ በአውሮጳ አቆጣጠር በ1895 ዓ.ም. ጀርመናዊው ሊቅ ሮንትገን ባገኘው ጨረር የአጥንትንና የሥርን ውስጥ የሚያሳይ ሥዕል ነው። ሁለተኛው ማደንዘዣ ነው። ሕመምን የሚያስወግደውን ኤተርን በ1846 ዓ.ም. በአሜሪካ ቦስተን ከተማ በሕዝብ ፊት ያሳየው ሞርተን ራሱ የጥርስ ሐኪም ነበረ። ማደንዘዣ ከመወጋቱ በፊት ግን በሽተኛው የደም ግፊት፥ የስኳር በሽታ ወይም የልብ ሕመም ያለበት እንደ ሆነ፥ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ እንደ ሆነ፥ ሴትም ነፍሰ ጡር እንደ ሆነች ሳይደብቁ ሊናገሩ ይገባል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንዲሉ።

ጥርሱ የተነቀለለት ሰው ደግሞ ስለ ጥንቃቄው የሚነገረውን ሊሰማ ይገባዋል። በቦታው የረጋው ደም ለቁስሉ እንደ ክዳን ነው። ስለዚህ የተሰጠውን ፋሻ ነክሶ ይቆያል፤ እስከ 24 ሰዓት ድረስ አፉን በኀይል አይጉመጠመጥም፥ አያጨስም፥ በጣቱም አይነካካም፤ አመድም ሆነ ሌላ ነገር አይጨምርበትም። ክዳኑ የወደቀ እንደ ሆነ አጥንቱ ይራቆታል፥ ከጥቂት ቀን በኋላም ከመጀመሪያው የባሰ ሕመም ይነሣል፤ ሐኪሞች ይህን ድራይ ሶኬት ይሉታል፤ ደረቅ ጉድጓድ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሰው ወደ ነቀለለት ሐኪም ይመለስ እንጂ «ሥሩን አስቀርቶብኝ ነው» ብሎ በቂም አይቀመጥ።

ወረቀት የሚያነቡትን ሰዎች ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስታቸው ቁጥሩ ነው። በሐኪሙ ወረቀት ላይ «36 ይሞላ» ወይም «46 ይነቀል» ተብሎ ተጽፎ ሲገኝ፥ የሰው ጥርስ 32 ሆኖ ሳለ ይህ ቁጥር ከየት መጣ ያሰኛል። አቈጣጠሩ እንዲህ ነው። ሐኪሙ የበሽተኛውን አፍ በአራት ይከፍለዋል፤ የላይኛው ቀኝ 1፥ የላይኛው ግራ 2፥ የታችኛው ግራ 3፥ የታችኛው ቀኝ 4 ይባላል። ቀጥሎም በእያንዳንዱ ክፍል ከመካከል ከፊት ጥርስ ጀምሮ ወደ ኋላ ከ1 እስከ 8 ይቈጥራል። እንግዲህ 36 ማለት ሠላሳ ስድስተኛ ጥርስ ማለት አይደለም፤ በሦስተኛው ክፍል ያለው ስድስተኛው ጥርስ ማለት ነው፤ ይኸውም በታች በግራ በኩል ያለው የመጀመሪያው ታላቅ መንጋጋ ነው። የሕፃናት የወተት ጥርስ ደግሞ ክፍሉ ከ5 እስከ 8 ባለው ቁጥር ይጻፋል። ይህን ያወቀ አንባቢ የሚሞላውንና የሚነቀለውን ለይቶ ለበሽተኛው በጣቱ ሊያሳየው ይችላል።

ይህ ስድስተኛው ጥርስ ራሱን የቻለ ነገር አለው። የሚወጣው ልጁ ስድስት ዓመት ገደማ ሲሆነው ነው፤ ከወተት ጥርሶች ሁሉ በስተኋላ ስለሚወጣም በፊቱ የሚወድቅ ጥርስ የለም። ስለዚህ ወላጆች የወተት ጥርስ ይመስላቸውና ሲቦረቦር «ይወድቃል፥ ሌላ ይበቅላል» ብለው ይተዉታል። ነገር ግን የዕድሜ ልክ ጥርስ ነው፤ ምትክ የለውም። በስድስተኛው ዓመት የሚወጣው ስድስተኛው ጥርስ እንደማይተካ ለእናቶች መንገር ብዙ መንጋጋ ያድናል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ልብ የሚያሳዝን ነገር ግን የሕፃናት ጥርስ ነገር ነው። የወተት ጥርስ 20 ነው፤ ከስድስት ወር ገደማ ጀምሮ ይወጣል። በሰሜን ኢትዮጵያ በብዙ ቦታ፥ በጎንደር አውራጃዎችም ጭምር፥ ሕፃን ሲያስቀምጠው፥ ሲያስመልሰውና ሲያተኩሰው ምክንያቱ ያበጠው ድድ ነው በማለት ገና ያልወጣውን ጥርስ በስለት ፈልፍሎ የማውጣት ልማድ ነበረ፤ ዛሬም ፈጽሞ አልጠፋም። እንጥል ማስቈረጥም የዚሁ ወንድም ነው። ተቅማጥ ግን ከጥርስ አይመጣም፤ ከተበከለ ውሃና ምግብ እንዲሁም ከልዩ ልዩ ተሕዋስያን እንጂ። ስለቱ ደም ያፈስሳል፥ መንጋጋ ቈልፍና ሌላም በሽታ ያስገባል፤ ከወተት ጥርሱ በታች የተቀመጠውን የዕድሜ ልክ ጥርስ ፅንስም ያጠፋዋል። ሕፃኑ የሚያስፈልገው የእናቱ ጡት፥ በጤና ጣቢያ የሚሰጠው ሕይወት አድን ንጥረ ነገርና ፈጥኖ ወደ ጤና ባለሙያ መድረስ ነው። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግም በሕፃናት ላይ ጎጂ ልማዳዊ ድርጊት የሚፈጽሙትን ይቀጣል። ነገር ግን እናት ይህን የምታደርገው ልጇን ከመውደዷ የተነሣ ስለ ሆነ፥ ከቅጣቱ በፊት ትምህርቱ ሊደርሳት ይገባል።

ለዚህም ጎንደር ጥሩ ምሳሌ አላት። በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የተመሠረተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኖችን፥ ነርሶችንና የጤና ጥበቃ ሠራተኞችን ሲያስተምር፥ ተማሪዎቹ ወደ ገጠር ወጥተው ከሕዝቡ ጋር በሚገባው ቃል እንዲነጋገሩ ያደርግ ነበር። ይህ ኮሌጅ አድጎ ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆኗል፤ በሆስፒታሉም የጥርስ ክፍል አለ። የዱሮው ትምህርት መንፈስ ዛሬ ለጥርስም ሊውል የተገባ ነው። ሐኪሙ በወረቀቱ ላይ ከቁጥሩና ከባዕዱ ቃል አጠገብ «ይሞላ»፥ «ይታጠብ»፥ «ሥሩ ይታከም» ብሎ አንድ የአማርኛ ቃል ቢጨምር ድካሙ ጥቂት ነው፤ ጥቅሙ ግን ብዙ ነው። የወረዳው ሹማምንትም በየትምህርት ቤቱ የስድስት ዓመት ልጆች ጥርስ እንዲታይ ቢያደርጉ፥ በኋላ በወገብ መቀነት ተቋጥሮ ለመንገድና ለነቃይ የሚወጣውን የገበሬ ገንዘብ ያድናሉ።

ካህናትም የንስሐ ልጆቻቸው ሕመማቸውን ከሐኪም አስቀድመው የሚነግሯቸው ለእነርሱ ነው። «ጸበሉንም ተጠመቅ፥ ሐኪሙንም ጠይቅ» ያለ የነፍስ አባት ከሃይማኖቱ የሚያጎድለው ነገር የለም። ደግሞም አንድ ነገር ቢጨምርለት መልካም ነው፤ ወደ ጎንደር የሚሄደውን ሰው «ሐኪሙን ንቀልልኝ ከማለትህ በፊት ይድናል ወይ ብለህ ጠይቀው» ብሎ ያሰናብተው። ይህ አንድ ጥያቄ ከላይ የተነገሩትን ቃላት ሁሉ በውስጡ ይዟል። ሐኪሙ መልሱን ሲሰጥ ጉዳቱ እስከ የት እንደ ደረሰ፥ ምን ያህል ጊዜ መመላለስ እንደሚያሻ፥ ዋጋውም ስንት እንደ ሆነ ይናገራል፤ በሽተኛውም አውቆ ይመርጣል።

የአገሩ ሽማግሌዎች ሳይደርቅ በእርጥቡ፥ ሳይርቅ በቅርቡ ይላሉ። ለጥርስም ከዚህ የተሻለ ምክር የለም። በኢናሜል ሳለ የተያዘ ጉዳት በጥቂት ይመለሳል፤ ፐልፕ ከደረሰ ብዙ ያስወጣል፤ ከዚያም ካለፈ ጥርሱን ይወስዳል። ጥርስን መንቀል የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ጎደሎውን ይዞ እህል ማላመጥ ግን የዕድሜ ልክ ነው።